መደብ ያልተገኘለት ሙያ

አውቶቡሱ ምዕራብ ዓባያ ላይ ሲቆም የወረደችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ስመኝ ትባላለች። ጊዜው የካቲት 1985 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜዋ ሃያ አራት። ረዳቱ ሻንጣዋን ከጣሪያው ላይ አውርዶ አቧራው ላይ አኖረላትና አውቶቡሱ ወደ አርባ ምንጭ ጉዞውን ቀጠለ። እሷ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ወደ እናቷ ቤት የሚወስደው መንገድ ጠፍቶባታል።

አባቷ ሚሊሻ ነበር። ኦጋዴን ዘምቶ እዚያው ቀረ። በዓመቱ፣ እሷ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች፣ አባቶቻቸውን በዚያ ጦርነት ካጡ ልጆች ጋር መርከብ ላይ ተሳፍራ ኩባ ሄደች። እዚያ አንዲት ደሴት ላይ፣ ዙሪያውን ብርቱካን በተተከለበት አዳሪ ትምህርት ቤት አደገች። ከኢትዮጵያውያን ጓደኞቿ ጋር አማርኛ፣ ከሌላው ሁሉ ጋር ስፓኒሽ ስትናገር ኖረች። ጋሞኛ የሚናገር አብሯት አልነበረም፤ የእናቷ ቋንቋ ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳያባርረው፣ ከአፏ ወጥቶ ሄደ።

መንገድ ዳር ከተቀመጡት ሙዝ ሻጮች መካከል አንዲት ቀጭን ሴትዮ ተነሥታ መጣች። በለጥሽ ነበረች፤ እናቷ። ልጅሽ ትመጣለች ከተባለች ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ስትነሣ ስትቀመጥ ከርማለች። ትኩር ብላ አየቻትና ግራ ቅንድቧ ላይ ያለውን የልጅነት ጠባሳ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«መጣህ?» አለቻት።

በለጥሽ አማርኛን የለቀመችው ከገበያ ነው፤ በእሷ አማርኛ «አንተ» እና «አንቺ» ብዙም አይለያዩም። ስመኝ በጋሞኛ ልትመልስላት አፏን ከፈተች። ቀድሞ የመጣላት ግን ስፓኒሽ ሆነ። «ሲ» አለች፤ አዎ ማለቷ ነው። እናቷ አልገባትም። ቢሆንም ሻንጣውን ተሸክማ ከፊት ከፊት መንገድ ጀመረች።

እንዲህ ሆነው ከረሙ። በለጥሽ በቆሎውን ሀላኮ ከሚሉት የሽፈራው ቅጠል ጋር ሠርታ ታቀርባለች፤ ልጇ እስክትጠግብ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ታያታለች። ልትጠይቃት የምትፈልገው የአሥራ አራት ዓመት ነገር ነው፤ የገበያ አማርኛዋ ግን «ስንት ነው» እና «ጨምር» ከሚለው ብዙም አይርቅም። ስመኝም ትናገራለች፣ እናቷም ራሷን ትነቀንቃለች፤ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ስመኝ ማለዳ ወደ ዓባያ ዳር ትወርዳለች። ሐይቁ እንደ ባሕር ሰፊ ነው፤ ውኃው ግን ቀይ ነው፣ ነፋሱም ጨው ጨው አይልም። ዓይኗን ጨፍና ሌላ ውኃ ለማየት ትሞክራለች።

የምትናፍቀው ምኑን እንደሆነ እሷ ታውቀዋለች። አንድ አዳራሽ ነው። ሃቫና ውስጥ አምስት ዓመት የሰው አካል እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ተምራለች፤ ጡንቻ ምን ሲሆን እንደሚዝል፣ ልብ ምን ያህል ሲሮጥ እንደሚበረታ። የክፍል ጓደኞቿ ሯጭ ማሠልጠን፣ ቡድን መምራት ነበር ምኞታቸው። እሷ ወደ ሕክምና የሚጠጋውን መረጠች። ስትሮክ የጣለውን ሰው እንደገና ማስቆም፣ የሰለለ እጅ ማንኪያ እንዲይዝ ማስተማር። ይህን የሚያስተምሩት ባሕር በሚያሳይ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ በአንድ በኩል ግድግዳው መስታወት፣ መሐሉ ላይ በሽተኛ ተደግፎ የሚራመድባቸው ሁለት ትይዩ አግዳሚዎች። ኔሬይዳ የምትባል ወፍራም መምህርት ነበረቻቸው። «እጅሽ ከአፍሽ በፊት ይናገር» ትላት ነበር። ስመኝ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስትሆን የማን ልጅ እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች ማንም አይጠይቃትም ነበር፤ እሷም ራሷን አትጠይቅም።

በሚያዝያ ዲግሪዋን ይዛ አርባ ምንጭ ሄደች። ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ተነሥታ በሚኒባስ ዳገቱን ወጥታ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ደረሰች፤ መሥሪያ ቤቶቹ ያሉት እዚያ ነው። በአንዱ ቢሮ የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው አቶ ዘመድኩን የሚባል ሽማግሌ ተቀበላት። ወረቀቱን ገለባበጠው፤ በስፓኒሽ የተጻፈ ነው፣ ከግርጌው ማኅተም አለበት።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው የሚለው?»

«የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ። በሕክምናው በኩል።»

«ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ነርስ?»

«አይደለሁም። የታመመ ሰው በእንቅስቃሴ ኃይሉን እንዲያገኝ ነው የምሠራው።»

አቶ ዘመድኩን ከመሳቢያው ወፍራም መዝገብ አወጣና ጣቱን በምራቁ እያራሰ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበው። እውነተኛ ሰው ነበር፤ መዝገቡን ሳያገላብጥ የለም ማለት አልሆነለትም። በመጨረሻ መነጽሩን አወለቀ።

«ሙያሽን አልናቅኩትም። ግን መደብ የለውም። መደብ የሌለውን ሰው መንግሥት እንዴት ይቅጠር? የስፖርት መምህር ብዬ ልጻፍሽ፤ እሱ አለ።»

«አዳራሽ ያለበት ቦታ አይኖርም?»

«የምን አዳራሽ?»

ስመኝ ወረቀቷን መልሳ አጠፈች። የስፖርት መምህር ተብላ ተጻፈች።

መስከረም ላይ ሴቻ ከሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረች። በአንድ ክፍል ዘጠና ተማሪ፣ ለትምህርት ቤቱ በሙሉ ሁለት ኳስ። ሜዳው ከዳገቱ ጫፍ ላይ ስለሆነ ኳስ ካመለጠ እስኪመጣ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ተማሪዎቹን ወደደቻቸው፤ እነሱም «ኩባ» የሚል ስም አወጡላት። ሆኖም ፊሽካዋን ነፍታ ስታሰልፋቸው፣ ከሜዳው ማዶ የጫሞና የዓባያ ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተው ታያለች። ይኸው ነው እንዴ? ትላለች ለራሷ፤ ያ ሁሉ ትምህርት ለግራ ቀኝ ነው?

አዲስ አበባ የቀረው የክፍል ጓደኛዋ ሳምሶን አልፎ አልፎ ይጽፍላት ነበር። «ከእኛ ክፍል የተመለስነው ሰባት ነን» ብሎ ጻፈ አንድ ጊዜ። «እኔ እንዳንቺ መምህር ነኝ። አንዱ ታክሲ ይነዳል። አንዷ ለውጭ ሰዎች ታስተረጉማለች። አንዱ ሯጮች አግኝቶ ያሠለጥናል፤ እሱ ብቻ ነው ሲጠየቅ ሙያውን የሚናገር። ሁለቱ ጋ ወሬ የለም። ስንገናኝ ስለ ሥራ አናወራም፤ ስለ ባሕሩ እናወራለን።» ስመኝ ይህን ደብዳቤ አጥፋ ብዙ ጊዜ ኪሷ ውስጥ ይዛው ዞረች።

የተከራየችው ክፍል ሲቀላ ነበር፤ ኤርጫፎ የሚባል ሸማኔና ሚስቱ ጌጤ ግቢ ውስጥ። ኤርጫፎ ከደጋ ወርዶ ሠላሳ ዓመት የሸመነ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ከወገቡ በታች የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ፣ በእግሩ መርገጫውን እያፈራረቀ፣ በእጁ መወርወሪያውን ከወዲህ ወዲያ ሲልክ ድምፁ ለስመኝ እንደ ሰዓት ሆኖላት ነበር። በ1986 ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት ድምፁ ቆመ። የጌጤን ጩኸት ሰምታ ስትወጣ ኤርጫፎ ጉድጓዱ ውስጥ ወደ ቀኝ ዘምሞ አገኘችው፤ አፉ ተጣሟል። ደም ግፊት ነው ተባለ። ሆስፒታል ሰንብቶ ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን አብረውት አልተመለሱም።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ጸለዩ። ዘመድ መጥቶ አለቀሰ። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሄደና ኤርጫፎ ግድግዳ ግድግዳ እያየ ቀረ።

ስመኝ ሦስት ቀን አቅማማች። በአራተኛው ጌጤን ጠራቻት።

«እትዬ ጌጤ፣ ይፈቅዱልኛል? እኔ የተማርኩት ይህንን ነው።»

«ኳስ አይደለም እንዴ የተማርሽው?»

«ኳስ ደመወዜ ነው። ትምህርቴ ይሄ ነው።»

ጌጤ ወደ ኤርጫፎ ዞር ብላ አየች። «እኛ መጸለያችንን አንተውም» አለች፤ «አንቺም ሥሪ። ሁለቱ አይጣሉም።»

ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ፣ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ድረስ ሠራች። መጀመሪያ የሰለለውን እጅ ከትከሻው ጀምራ እያንቀሳቀሰች ከዓይኑ ጋር አስተዋወቀችው፤ «የእርስዎ ነው፣ ይዩት» እያለች። ኤርጫፎ እጁን እንደ ሰው ዕቃ ነበር የሚያየው። «ኩሼ» አለ አንድ ቀን፣ በተጣመመ አፉ፤ እጅ ማለት ነው። ስመኝ ደነገጠች። ቃሉን ታውቀዋለች! ልጅ ሳለች እናቷ «ኩሼ፣ ኩሼ» እያለች ታጥባት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ እያንዳንዱ የአካል ክፍል ትጠይቀው ጀመር። ጉልበት በጋሞኛ ምንድን ነው? ወገብስ? ተረከዝስ? እሱ ምላሱን ለማፍታታት፣ እሷ የጠፋባትን ለመፈለግ። ጌጤ ደጃፍ ላይ ጥጥ እየፈተለች ሁለቱንም ታርማቸው ነበር።

ከደጋ ጠንካራ ቀርከሃ አስመጥታ ግቢው ውስጥ ሁለት አግዳሚ አስተከለች፤ በሃቫናው ልክ፣ በኤርጫፎ ወገብ ቁመት። በመካከላቸው አቆመችው። እርምጃ ስትቆጥርለት ሳታስበው በስፓኒሽ ትቆጥራለች፤ «ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ»። ኤርጫፎም አብሯት ይቆጥራል። በአጥር የሚያልፉ ጎረቤቶች ሲሰሙ፣ ኤርጫፎ በልሳን ይናገር ጀመር የሚል ወሬ ሲቀላን ሞላ። አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሊያዩ መጡ። ጌጤ ሆዷን ይዛ እየሳቀች አስረዳቻቸው። ስመኝም ሳቀች፤ እንዲያ ከልቧ ስትስቅ ወደ አገሯ ከተመለሰች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ኤርጫፎ በስድስተኛው ወር አግዳሚውን ለቆ በራሱ ተራመደ። በአሥራ አራተኛው ወር ጉድጓዱ ውስጥ እንዲያስገቡት ጠየቀ። ቀኝ እግሩ መርገጫውን መርገጥ ቻለ። ቀኝ እጁ ግን መወርወሪያውን አጥብቆ አልያዘም፤ ይልካል እንጂ አይቀልብም። በቀኙ በኩል ጠርዙ ያዘመመ፣ ማጉ የላላ ጨርቅ ወጣ። ቀድሞ በሳምንት የሚጨርሰውን ነጠላ በወር ከምናምን ጨረሰው። ለገበያ አልሆነም። ኤርጫፎ ግን ጨርቁን አጥፎ ጭኑ ላይ አድርጎ ለረጅም ሰዓት ተቀመጠ። ስመኝ ደስ ቢላትም ወደ ክፍሏ ገብታ አለቀሰች። ኔሬይዳ ብትኖር እጁንም ትመልሰው ነበር ብላ ነው። መሣሪያው ቢኖር፣ መስታወቱ ቢኖር፣ የምትጠይቀው አንድ ሰው ቢኖር።

በዚህ መሐል የሳምሶን ደብዳቤ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ በጦርነት የተጎዱ ሰዎችን እንደገና መራመድ የሚያስተምር አንድ ማዕከል አለ፤ አዳራሽ አለው፤ እንዳንቺ ያለ ሰው ይፈልጋሉ ይላል። ስመኝ የዚያኑ ዕለት ጻፈች። የዲግሪሽን አቻ ግምት አምጪ የሚል መልስ መጣ። አቻ ግምቱን የሚሰጡት ደግሞ የትምህርት ውጤትሽን ዝርዝር ከሃቫና አስመጪ አሉ። ለኔሬይዳ ጻፈች። ከዚያ መጠበቅ ሆነ።

ፖስታ ቤት መመላለሱ ልማድ ሆነባት። ዓመት አለፈ። ያ የሥራ ቦታ በሌላ ሰው ተያዘ። እሷ ግን መመላለሷን አልተወችም፤ የሚመጣውን ወረቀት ለሥራ ብቻ አልነበረማ የምትጠብቀው። ከዚያ አገር የሆነ ነገር በእጇ መያዝ ፈልጋ ነው።

በ1989 ኅዳር ላይ ፖስታው መጣ። ዝርዝሩ ውስጡ አለ፤ ማኅተሙም አለ። ከእሱ ጋር የኔሬይዳ እጅ ጽሑፍ ሁለት ገጽ። ስመኝ ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አነበበችው። «መብራት በየቀኑ ስለሚጠፋ፣ መድኃኒቱም ስለጠፋ አዳራሹ ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሆነው፤ መስታወቶቹን ሌላ ቦታ ወስደዋቸዋል። ካስተማርኳቸው ግማሾቹ ሆቴል ተቀጥረው የውጭ አገር ሰዎችን መዋኛ ዳር ስፖርት ያሠራሉ፤ እኔም በሳምንት ሁለት ቀን እዚያ እሠራለሁ፤ ሳሙና ይሰጡናል። ወረቀትሽን ለመፈለግ ቁልፍ ያለው ሰው እስኪገኝ ነው የዘገየሁት፤ ይቅርታ። ስለ ቀርከሃው የጻፍሽልኝን ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።» የእጁን ነገር በተመለከተ ይህን ሞክሪ ብላ የጣቶች እንቅስቃሴ በእስክሪብቶ ሥላ ነበር።

ስመኝ ደብዳቤውን ይዛ ሳትነሣ ቆየች። ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኗን ጨፍና ስትገባበት የኖረችው አዳራሽ ባዶ ነበር። እሷ ስትናፍቀው እሱ ተዘግቶ ነበር። ሰው ቢሞት ይለቀሳል፤ ለዚህ ምን ይባላል? ተነሥታ ወደ ሲቀላ ወረደችና ሥዕሉን እያየች የኤርጫፎን ጣቶች አንድ በአንድ ታጥፍ፣ ትዘረጋ ጀመር።

በሚያዝያ አቻ ግምቱ ተሰጣት። ማዕከሉም ሌላ የሥራ ቦታ ተከፍቷልና ነይ ብሎ ጻፈ። በዚያው ሳምንት ምዕራብ ዓባያ ሄደች። እናቷ ከመንገድ ዳር ሙዟን ስትደረድር አገኘቻትና አጠገቧ ቁጭ አለች። በአራት ዓመት ውስጥ ጋሞኛዋ፣ ስብርብር ያለ ቢሆንም፣ ነገርን የሚጨርስ ሆኗል።

«እማዬ፣ ሥራ አገኘሁ። አዲስ አበባ ነው። የተማርኩት ሥራ ነው። ልሂድ?»

በለጥሽ ሙዙን መደርደሯን አቆመች።

«ምን አልሽ?»

«ልሂድ ወይ? ነው ያልኩት። አትሂጂ ካልሽ እቀራለሁ።»

በለጥሽ ወደ መንገዱ ዞረች። አንድ ጭነት መኪና አልፎ አቧራው እስኪረግብ ጠበቀች።

«ያን ጊዜ» አለች፣ «ውኃ ቀድቼ ስመለስ አልነበርሽም። ልጅሽ ለትምህርት ተመርጣለች አሉኝ። ተመርጣለች! የት ነው አልኳቸው፤ ሩቅ ነው አሉ። ሩቅ ሲሉኝ ሶዶ መስሎኝ ነበር። ሶዶ ሄጄ ሁለት ቀን ፈለግሁሽ።» ድምፅዋ አልተለወጠም። «አሥራ አራት ዓመት ሰዉ ሁሉ ታደልሽ ይለኝ ነበር። ትሰጫለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ስመኝ የእናቷን እጅ ያዘች። ይህንን ታሪክ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው፤ ለመስማት የሚበቃ ቋንቋ ያገኘችው ገና አሁን ነው።

«አንቺ ጠየቅሽኝ» አለች በለጥሽ። «የሚጠይቅ ልጅ አለኝ ማለት ነው። ሂጂ።»

«እማዬ—»

«ሂጂ ብያለሁ። አሁን እኔ ነኝ የላክሁሽ።»

ሐምሌ ላይ ስመኝ አዲስ አበባ ገባች። አዳራሹ እንደ ሃቫናው አልነበረም፤ መስኮቱ የቆርቆሮ አጥር ነው የሚያሳየው፤ መስታወቱም አንድ ብቻ ነው። ቢሆንም አግዳሚዎቹ ብረት ነበሩ፤ በሩ ላይም ሙያዋ በአማርኛ ተጽፏል። በጦርነት እግራቸውን ያጡ፣ ጥይት ጀርባቸው ውስጥ የቀረ ሰዎች ይመጣሉ። ታስቆማቸዋለች፤ ታስኬዳቸዋለች። ሥራዋ ሰመረላት። ግን በአዲስ አበባ ዝናብ ውስጥ ቆማ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ የምትናፍቀው አሁን ባሕሩን አልነበረም። የሲቀላን ሙቀት፣ ጌጤ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ቃል የምታርምበትን ጊዜ፣ ቀዩን ሐይቅ ነበር። ይህ ናፍቆት የማያልቅላት ነገር ነው እንዴ? አንዱን ስታገኝ ሌላውን።

በየሁለት ወሩ በለጥሽ በቀጠሮ አርባ ምንጭ ትሄዳለች። ጌጤ ሴቻ ቴሌ ድረስ ትወስዳትና ስልኩን አስይዛት ውጭ ትጠብቃለች። በለጥሽ ሽቦው ሩቅ ስለሆነ መጮኽ ያለባት ይመስላታል።

«ሥራው ያ የፈለግሽው ነው?» አለች አንድ ጊዜ።

«ነው፣ እማዬ። ዛሬ አንድ ሰውዬ አራት እርምጃ ሄደልኝ።»

«አራት ብቻ?»

«ዓመት ተኝቶ ነው።»

«እንግዲያ ለምን ድምፅሽ እንዲህ ሆነ?»

ስመኝ የስልኩን ገመድ ጣቷ ላይ ጠመጠመች። «ናፍቀሽኝ ነው።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ስመኝ «እማዬ?» ስትል በለጥሽ መለሰች፤ በዚህ ጊዜ አልጮኸችም።

«እኔም ናፍቀሽኛል። ይሄኛው ግን ይሻለኛል፤ ያለሽበትን አውቀዋለሁ። ኤርጫፎ ሰላም ብሎሻል፤ በቀኝ እጁ ሻይ ጠጣ በያት ብሏል። ግማሹን ደፋው እንጂ ጠጣ።»

የቴሌዋ ሠራተኛ ደቂቃው አለቀ አለች። ስመኝ ስልኩን ዘጋችና እጇን ታጥባ ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ሰውዬው ብረቱን ይዞ ቆሞ እየጠበቃት ነበር።